ጠፍታ የወጣች፣ የጠፋ ስልክ ታስመዘግባለች ወይ?

ለ፦ በሊባኖስ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት
ቤሩት

ግልባጭ፦ ስልኬን ላነሣው ሰው፣ ባለበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጠፋ ስልክ

ክቡራን፣

ይህን የጻፍኩት በእጄ፣ በልጆች ደብተር ላይ ነው፤ አንዲት ጓደኛዬ በስልኳ ገልብጣ ታወጣልኛለች። እኔ ስልክ የለኝም። ነገሬም እሱው ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዶራ አደባባይ ላይ ሰርቪስ፣ ማለት የጋራ ታክሲ፣ ይዤ ወደ ሐዝሚዬ ወጣሁ። እዚያ አንዲት የአገሬ ልጅ አራተኛ ፎቅ ላይ በኮንትራት ትሠራለች። የእረፍት ቀን የላትም። የምንገናኘው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ነው፤ ገንዳው አጠገብ ሰባት ስምንት ደቂቃ እንቆማለን። ቤሩትን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንልን ይሆናል። የሚያውቅ ግን በዚህች ከተማ ስንት ዕቁብ፣ ስንት ማኅበር፣ ስንት የተጣሉ ሰዎች እርቅ ቆሻሻ ገንዳ ሥር እንደተጀመረ ያውቃል።

ይዤላት የወጣሁት ሽሮና በርበሬ ነበር። መንገድ ላይ የፌስታሉ ሥር መቀደድ ጀመረ። ስንደርስ በሁለት እጄ አቅፌው ወረድኩና በሩን በክርኔ ዘጋሁት። ስልኬ ጭኔ ላይ እንደነበር ትዝ ያለኝ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሌላ ተሳፋሪ እየፈለገ ቁልቁል ከተሰወረ በኋላ ነው። ሽሮው ተረፈ።

የመኪናውን ምልክት ትጠይቁኝ ይሆናል። አሮጌ መርሰዲስ፣ ቀይ ታርጋ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ። በዚህ ምልክት ከሄድን የቤሩት ታክሲ ግማሹ ተጠርጣሪ ነው።

ልጅቷ ስትወርድ፣ «ቶሎ ስልክሽን አምጪ፣ ልደውል!» አልኳት። አፌን ሳልዘጋ ትዝ አለኝ። የእሷን ስልክ የመጣች ዕለት ማዳሟ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ስምንት ወር ሆነው። ልጅቷ ሽሮውን ተቀበለችኝና ሳቀችብኝ። «አሁን እኩል ሆንን» አለችኝ።

ወደ ዶራ ተመልሼ በሰው ስልክ ደወልኩ። አራት ጊዜ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። በአምስተኛው የወንድ ድምፅ «አሎ» አለ። ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ካለኝ ዐረብኛ ጨዋ ጨዋውን መርጬ፣ «ወንድሜ፣ ስልኩ የኔ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ያለህበት እመጣለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሐበሺዬ?» አለኝ። ሐበሻ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። «አዎ» አልኩ። ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሬ ላይ የሚመልሰው ማሽን ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ስመላለስ ከረምኩ። የከፋኝ ቀን፣ ሐበሻ መሆኔን ሲሰማ ስልኩን የራሱ አደረገው እላለሁ፤ ምን ታመጣለች ብሎ። ደኅና የዋልኩ ቀን ደግሞ፣ ሰውየው ስልኩ ሲበራ የእናቴን ፎቶና የማያውቀውን ፊደል አይቶ የማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው እላለሁ። ወይም ፈርቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 እዚህ አገር ፔጀርና የእጅ ሬዲዮ በሰው ወገብና በሰው እጅ ላይ ሲፈነዳ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲቆስሉ ያየ ሰው፣ የማያውቀውን ዕቃ ከታክሲ ወንበር ላይ ማንሣቱ ራሱ ድፍረት ነው። ያኔ እኛ ቤት አንድ ሳምንት ስልካችንን ትራስ ሥር ማስተኛት አቁመን ነበር።

እንግዲህ ስልኩ በአንድ ሰው እጅ አለ። ተስፋ አለኝ ማለት ነው። ታዲያ ሰው ዕቃው ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?

በአገራችን የሚደረገውን አውቃለሁ። አያቴ መንደር ከብት ሲጠፋ በገበያ ቀን ይለፈፋል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል። ባሰ ሲባል በድሮው ዘመን አፈርሳታ ይቀመጣሉ፤ ያየ ያየውን እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሌባሻይ የሚባልም ነበረ፣ አንድ ልጅ አስክረው የሌባ ቤት የሚያስፈልጉበት፤ እሱስ እንኳን ቀረ። አዲስ አበባ ደግሞ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ወረቀት ለብሷል፤ መታወቂያ የጠፋበት፣ የትምህርት ማስረጃ የጠፋበት፣ «ላገኘልኝ ወሮታ ከፋይ ነኝ» የሚል። ይህ ሁሉ ወግ በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ዕቃ የጠፋበት ሰው አደባባይ ቆሞ ስሙን መናገር ይችላል። እገሌ እባላለሁ፣ ቤቴ እዚህ ነው፣ ያገኘ ያምጣልኝ።

ክቡራን፣ ቃሉን ልብ በሉልኝ። በአማርኛ «ጠፋ» ስንል ስልክም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። ለከረመ ወዳጅ «ጠፋህ» እንላለን። ሊባኖስ ስንመጣ ቃሉ ሌላ ትርጉም ጨመረ። ከአሠሪዋ ቤት ሳትለቀቅ የወጣች ልጅ «ጠፍታ የወጣች» ናት፤ እነሱ «ሐርባኔ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓታል። የምትኖረው በከፋላ፣ ማለት በአሠሪ ዋስትና፣ ነው፤ ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከቤቱ ከወጣች አሠሪዋ ጠፍታለች ብሎ ለፖሊስና ለአምን ዓም፣ ማለት ለአጠቃላይ ደኅንነት፣ ያስመዘግባታል። ብዙ ጊዜም ወርቅ ሰርቃ ነው የሄደችው የሚል ክስ ይጨመርበታል። ያ ወርቅ ስንት ጊዜ እንደተሰረቀ ቢደመር ዱባይ ገበያ ላይ አይገኝም።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። ስልክ የጠፋበት ሰው መኽፈር፣ ማለት ፖሊስ ጣቢያ፣ ሄዶ ያመለክታል። ስልኩን ለማፈላለግ ባለ 15 አሃዙ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ሲነካ የሚወጣው፣ ካርቶኑም ላይ የሚታተመው ነው። ካርቶኑ አለኝ፤ ቡና አስቀምጬበት ነበርና አልጣልኩትም። ቁጥሩን ይዤ እስከ ጣቢያው በር ድረስ ሄጃለሁ። በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ትሕትና የነበረው ልጅ ነው። የጠየቀኝ ደንቡ የሚለውን ነው፤ «ኢቃማሽ?» አለኝ። ቤት ረስቼዋለሁ አልኩና ተመለስኩ። ቤትም የለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ጠፍቼ የወጣሁ ነኝ። ፓስፖርቴ የቀረበትን ቤት አውቀዋለሁ፣ በየትኛው ቁም ሣጥን እንዳለ እንኳን አውቃለሁ። እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ ወይም ሌላ ጣቢያ፣ እኔ የጠፋሁበት ወረቀት ይኖራል። የጠፋሁ ሰው ገብቼ የጠፋ ዕቃ አለኝ ልበል? ይህን ደብዳቤ ከታች በስሜ ያልፈረምኩትም ለዚሁ ነው፤ ንቀት መስሎ እንዳይታይብኝ።

ስልኩ ቢቀር ቁጥሬን ላድን ብዬ ወደ ስልክ ኩባንያ ሱቅ ሄድኩ። ሲም ካርዱ ከወጣልኝ ዋትስአፑም ኢሞውም ይመለሳል። ልጁ ኮምፒዩተሩን አየና፣ «መስመሩ በአንድ ሰውዬ ስም ነው፤ እሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» አለኝ። የሰውየውን ስም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ከብዙ ዓመት በፊት ዶራ ካለ ሱቅ ሲሙን ስገዛ፣ የእኔ ወረቀት ስለማይሠራ፣ ሻጩ ያገኘውን መታወቂያ አስገብቶ አወጣልኝ። ያን ጊዜ ደግ ሥራ ነበር፤ ብዙዎቻችን እንዲህ ነው ያለን። ከደሴ እስከ አዳማ፣ ከጅዳ እስከ ቶሮንቶ እኔ ማለት ያ ቁጥር ነኝ። ወረቀት ላይ ግን አንድ የማላውቀው ሊባኖሳዊ ነኝ። በሕይወት ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ። የጉግል አካውንቱም እንደዚሁ ነው፤ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው። ስልኩ የት እንዳለ በካርታ ማየት ይቻላል ይላሉ፤ ይቻላል፣ ለእሱ።

የኩባንያው ልጅ ሕጉን ነው የነገረኝ፣ አልፈርድበትም። ስወጣ ግን እግሬ ከብዶኝ ነበር።

የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ደግ ማሮናዊት አሮጊት ናት፣ ሻማ አብርታ ለማር አንጡንዮስ ነገረችልኝ፤ እነሱ ዕቃ ሲጠፋባቸው የሚለምኑት እሱን ነው። እኔ ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስያለሁ። ሁለቱ እስኪነጋገሩ እየጠበቅኩ ነው። ሱቅ አል አሐድም ወርጃለሁ፤ ሲን ኤል ፊል፣ ወንዙ ዳር፣ ድልድዩ ሥር ያለው የእሑድ ገበያ። ያገለገለ ስልክ እንደ ድንች ተደርድሮ ይሸጣል። ጥጉ የተሰነጠቀ ሳምሰንግ እየፈለግኩ አንድ ሰዓት ዞርኩ። ጥጉ ያልተሰነጠቀ ሳምሰንግ አጣሁ።

አሁን «አንድ ስልክ ለመሆኑ ምን ያህል ነው፣ ሌላ ግዢ» የሚል ሰው ይኖራል። ዋጋው አይደለም። ሌላስ እገዛለሁ፣ ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የዚህ አገር ገንዘብ ሲወድቅ፣ ለአንድ ዶላር 1,507 ሊራ የነበረው ወደ 90 ሺህ ሲጠጋ፣ ከሁሉ በፊት የቆመው የእኛ ደመወዝ ነው። «ዶላር የለም፣ ባንክ ዘግቷል» ተባልን፤ መዝጋቱስ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ እዚያው ሐዝሚዬ፣ የእናንተው ደጃፍ ላይ፣ ከሻንጣቸው ጋር ጥለዋቸው ሲሄዱ ታስታውሳላችሁ፤ ፍራሽ ዘርግተው አስፋልት ዳር ያደሩትን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷቸዋል። ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ፣ አንዳንዶቹም ፓስፖርታቸውን ሳይዙ ነበር የተጣሉት። እኔ በዚያ ወቅት በተመላላሽ የምሠራበት ቤት የሰባት ወር ቀረብኝ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። በድምፅ መልእክት፣ «የሰባት ወርሽ እኔ ጋ ነው፣ አውቃለሁ፣ ባንኩ ሲከፍት እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ሃያ ሦስት ሰከንድ ናት። በሕግ የሚረዱን ሰዎች ያቺን ድምፅ ጠብቂያት ብለውኝ ነበር። ውል የለኝም፣ ደረሰኝ የለኝም፣ ምስክር የለኝም፤ ያለችኝ ያቺ ሃያ ሦስት ሰከንድ ናት። አሁን እሷም ቴሌቪዥን እያየ ሕፃን በሚያባብል ሰው ቤት ናት።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲገባ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ ከእናቴ ጋር ተቆራረጥን። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ላይ ነው ድምፅዋ የመጣው። «አለን፤ ሁላችንም አለን፤ በሬው ብቻ ነው የሌለው» ትላለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት እንደገና ሲቋረጥ ወራት ሙሉ እሷኑ እየደጋገምኩ ነበር የምሰማው። እናቴ በሕይወት አለች፣ ዕድሜ ይስጣትና ነገም ልትለው ትችላለች። ግን ያን ቀን ያለችው ያን ቀን ነው።

ስልክ ለዚህ አገር ሰው ምን እንደሆነ ራሳቸው ሊባኖሶች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ግብር ሊጥል ነው በተባለ ምሽት ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ጎማ ነደደ፣ ግብሩ በሰዓታት ውስጥ ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በርግጥ ብሶቱ የስድስት ዶላር ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥትን ቅጥ ማጣት የቻለ ሕዝብ ስልኩ ሲነካበት ግን አልቻለም። እኔ ያኔ ሰው ቤት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ጭሱን አይ ነበር። የቤቱ ልጆች ከሰልፉ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር፤ ማር አፈላሁላቸው።

በሐዝሚዬዋ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ግብር የለበትም፣ ሰልፍም የለውም። ማዳሟ ደግሞ ክፋት አይደለም ትላለች፤ «ስልክ ልጆቹን ያበላሻቸዋል፣ ከወንድ ያገናኛቸዋል፣ እንዲጠፉ ይመክራቸዋል»። ለልጅቷ ጥቅም ነው። በሳምንት አንዴ፣ ማዳም ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ፣ አምስት ደቂቃ እንድታናግር ይፈቀድላታል። የመርሳ ሰው ናት። እናቷ «ደኅና ነሽ?» ትላለች፣ እሷ «ደኅና ነኝ» ትላለች። ማዳሟ አማርኛ አትሰማም፣ ግን «ደኅና» የምትለዋን ቃል ለይታ አውቃታለች።

ስለ ውሉ ልጨምር፣ የእናንተን ሥራ ስለሚነካ። እዚህ አገር በዐረብኛ የምንፈርመው አንድ ወጥ ውል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ስለ ስልክ የሚለውም አለ። አሠሪው ለሠራተኛዋ የሚመጣውን ስልክና ደብዳቤ እንድትቀበል ይፈቅዳል፣ በወር አንድ ጊዜም በራሱ ወጪ ቤተሰቦቿን ያስደውላታል። በወር አንድ ጊዜ። የተጻፈው ስልክ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ በገመድ ታስሮ በነበረበት ልማድ ነው፤ የእሷ የሆነ ስልክ ሊኖራት ይችላል የሚል አሳብ ያለበት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ ውል አወጣ፤ ያለ አሠሪ ፈቃድ ውል ማፍረስ የሚቻልበት ነበር። የደላሎቹ ማኅበር ከሰሰ። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ፍርድ ቤት አገደው። እንደታገደ አለ። እኔ እንግዲህ ከዐረብኛው ውል አንድ ገጽ የገባኝ በአሥረኛ ዓመቴ ነው፣ ያውም ስልኬ አንብቦልኝ።

መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ስልክ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በ2017 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ፣ ደቡብ ሊባኖስና የቤሩት ደቡባዊ ዳርቻ ዳሂዬ ሲለቀቅ፣ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በስልክ ነበር። በውድቅት ሌሊት፣ በዐረብኛ፣ አንድ ሕንፃ በቀይ የተቀባበት ካርታ፤ ከዚህ ቤት ራቁ የሚል። በእኛ ግሩፕ አንዲት ዐረብኛ የምታነብ እህት ሳትተኛ እያደረች በአማርኛ በድምፅ ትልክልን ነበር። የሰፈሩን ስም፣ የሱቁን ስም፣ «ከመስጊዱ በስተግራ ያላችሁ ውጡ» እያለች። ስንቱን አውጥታለች። ስልኩ የተቆለፈባት ግን ይህን አትሰማም። አሠሪዎቿ ቤት ጠብቂ ብለው ዘግተውባት ወደ ተራራ የሄዱባት ነበረች። የወጡትም ቢሆኑ ኮርኒሽ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ሲያድሩ፣ ወይ አሽራፊዬ አጠገብ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው ሲያድሩ፣ እህል ውሃ ከማለታቸው በፊት ቻርጀር የሚጠይቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በራሳችን እህቶች የተመሠረተው እኛ ለእኛ በስደትም፣ ሌሎች ማኅበራትም፣ ማን የት እንዳለ ያፈላለጉት በስልክ ነው። ከአገር ቤት እናት ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ስልኩ አልጠፋም፣ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። የጠፋችው ልጅቷ ናት።

እ.ኤ.አ. የ2012ቱንም ማንሣት ግድ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ዓለም ደቻሳ በየካቲት ወር ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ስትጎተት፣ ስትመታ፣ አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀረጸው። ማርች 8፣ በሴቶች ቀን፣ በቴሌቪዥን ታየ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ማርች 14፣ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ስለ እሷ ዛሬ የምናውቀው ያ ሰው ስልኩን ከኪሱ ስላወጣ ነው። የመንገደኛ ስልክ ነበር፤ የእሷ አልነበረም።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። ወቀሳ አላመጣሁም። ያላችሁ ሠራተኛና ያላችሁ ሥራ እንደማይመጣጠን፣ ከደጃችሁ ያለውን ሰልፍ ቆሜበት አውቀዋለሁ።

አንድ መደርደሪያ እፈልጋለሁ። በበራችሁ ውስጥ፣ ጥበቃው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ አንድ የእንጨት መደርደሪያ፤ በላዩ በዐረብኛ፣ «የሐበሻ ዕቃ ያገኘ ሰው እዚህ ያስቀምጥ፣ የሚጠይቀው የለም» የሚል ጽሑፍ። አንድ ታክሲ ነጂ ወንበሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ያለበት ስልክ ሲያገኝ የት ይውሰደው? ፖሊስ ጣቢያ ቢወስድ የራሱ ጣጣ አለው፣ እኛም ሄደን አንወስደውም። ቢመልስ የሚመልስበት ቦታ ይኑር። ያነሣው ሰው ሌባ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ሌባ ቢሆን ሲደወል አይመልስም፣ ወዲያው ሲሙን አውጥቶ ይጥላል። የእኔው ሰውዬ አምስት ጥሪ ድረስ ሲሙን አልነቀለም። እያንገራገረ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ፓስፖርት ልናድስ ወይም የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ስንመጣ በማኅደራችን ላይ የስልካችንን መለያ ቁጥር ጻፉልን። እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዚያም በላይ፣ የስልክ ኩባንያዎቹ ከእናንተ የወጣ ወረቀት ይዛ የመጣችን ሴት በስሟ መስመር እንዲያወጡላት ተነጋገሩልን። በሰው ስም የምንናገር ሰዎች ሆነናል። ይህ ዛሬ ተጠይቆ ነገ የሚሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የአገሩም ሕግ አለ። ግን እኛ ብንጠይቅ «ኢቃማሽ?» ነው መልሱ። እናንተን ኢቃማ የሚጠይቅ የለም።

የመጨረሻው የሐዝሚዬዋ ልጅ ነው፤ የእኔ አይደለም። በእናንተ በኩል የሚያልፍ ውል ሁሉ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትግባ፤ ስልኳ የራሷ ነው፣ በእጇ ይኖራል፣ አሠሪም ኤጀንሲም አይወስድባትም። የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ውል ሳይጸድቅ ሠራተኛ እንዳትላክ ይላል፤ እንግዲህ ከሚጸድቀው ውስጥ ይህችም ትግባ። «እነሱ አይቀበሉም» ይባል ይሆናል። ያልተቀበለ ማዳም ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት ቢታወቅ ጥሩ ነው።

ግልባጩ ላንተ ነው፣ ወንድሜ። ይህችን ክፍል ጓደኛዬ በዐረብኛ ገልብጣ ዶራ የሰርቪስ መቆሚያው ላይ ትለጥፋታለች።

ጥቁር ሳምሰንግ ነው፣ ከታች በቀኝ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ከኮቨሩ ሥር የሚካኤል ሥዕልና የታጠፈ አንድ የአሥር ብር ኖት አለ። ብሩ አይሠራልህም፣ ተቀይሯል። ስልኩን ከፈለግክ ውሰደው፤ ልጅህ ይጫወትበት። የምፈልገው ሲሙንና ስልኩ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነው። ዶራ ላይ ቅመማችንን የሚሸጠውን የሐበሻ ሱቅ ማንም ያሳይሃል፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ ብትሄድ አንድም ሰው ቀና ብሎ አያይህም። ሐበሺዬ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አዎ። ወሮታ ከፋይ ነኝ፤ ቡና አፈላለሁ፣ ከፈለግክም የሚስትህን ቤት አንድ ቀን አጸዳለሁ፣ ያለ ክፍያ፤ ሰባት ወር ያለ ክፍያ የሠራሁ ሰው አንድ ቀን አይከብደኝም።

እስክታመጣው ድረስ አብራው። ዋይፋይ ሲያገኝ ኢሞ ይጠራል፤ እናቴ ናት። አማርኛ ነው የምትናገረው፣ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፣ ስልክ ሩቅ ይመስላታልና። ምንም መመለስ የለብህም። ብቻ አትዝጋባት፤ ስትጨርስ ራሷ ትዘጋዋለች።

ከሰላምታ ጋር
የቡርጅ ሐሙድ ነዋሪ